ስለ ሰው ሠራሽ ጉልበት፤ በኮምፒዩተር መሪነትና በተለመደው መሣሪያ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና

ከጋሞ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ገበያ ሸክም ይዞ የሚወርድ ሰው የጉልበትን ዋጋ ከማንም ጠይቆ አይረዳም። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፣ አርባ ምንጭ ደግሞ በ1,300 ሜትር አካባቢ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ያለች ስለ ሆነች፣ በሁለቱ መካከል ያለው 40 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚያስወርድ ነው። በከተማይቱም ውስጥ ቢሆን ከሲቀላ ወደ ሼቻ የሚያስወጣው ዳገት ለሽማግሌ ቀላል አይደለም። የዶርዜ ሸማኔ ከጧት እስከ ማታ በመሸመኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ መርገጫውን ሲያፈራርቅ ይውላል፤ ሙዝ ጫኙ ከማሳው እስከ ኢሱዙው ድረስ ዘለላውን በትከሻው ያመላልሳል፤ ባለ ሱቁም በበኩሉ ከመደርደሪያው ኋላ ቆሞ ቀኑን ይፈጃል። ጉብዝና ባለፈ ጊዜ እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት አቤቱታ ያቀርባሉ፤ ይኸውም ጉልበታቸው ከመቀመጫ ሲነሡ እንቢ ማለቱ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ መውጋቱና ሌሊት እንቅልፍ መንሣቱ ነው።

ይህ ጉዳይ የንግዱን ማኅበረ ሰብ በሁለት በኩል ይመለከተዋል። በመጀመሪያ፣ ነጋዴ ራሱ በሽተኛ ወይም የበሽተኛ ልጅ ነው፤ እናቱን ለማሳከም ወደ አዲስ አበባ፣ አቅም ካለውም ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ለመውሰድ ሲነሣ፣ በኮምፒዩተር የሚመራው ቀዶ ሕክምና ይሻላል የሚል ወሬ ይሰማና ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ይገባው እንደ ሆነ ያመነታል። ሁለተኛም፣ የሕክምና መሣሪያ አስመጪ የሆነው ወገን የውጭ ፋብሪካዎች የሚልኩለትን ባለ ብዙ ቀለም የዕቃ ዝርዝር ሲያገላብጥ፣ ይህ ውድ መሣሪያ በኢትዮጵያ ገበያ የሚያዋጣ መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል። ሁለቱ ጥያቄዎች መልሳቸው አንድ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሁለቱንም ለመመለስ አስቀድሞ ሥራው እንዴት እንደሚከናወን መረዳት ያሻል።

ጉልበት የሦስት አጥንቶች መገናኛ ነው። ከላይ የጭን አጥንት፣ ከታች የቅልጥም አጥንት፣ ከፊት ደግሞ በተለምዶ የጉልበት ሎሚ የምትባለው ክብ አጥንት ይገኛሉ። የአጥንቶቹ ጫፍ ነጭና ለስላሳ በሆነ ልም አጥንት የተሸፈነ ስለ ሆነ፣ አንዱ በሌላው ላይ ያለ ሰበቃ ይንሸራተታል። ይህ ሽፋን በዕድሜ ብዛት፣ በሰውነት ክብደት፣ በቀድሞ ጉዳት፣ ለረጅም ዘመን በመንበርከክና ከባድ ነገር በመሸከም ምክንያት እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻው ያልቃል። አንድ ጊዜ ካለቀ በኋላም ተመልሶ አይበቅልም። ያን ጊዜ አጥንት ከአጥንት ጋር ይፋተጋል፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የውስጠኛው ወገን ስለ ሆነ እግሩ እንደ ቀስት ወደ ውጭ ይለመጣል። እግሩ በተለመጠ ቁጥር ሸክሙ በዚያው በታመመው ወገን ላይ ይበረታል፤ ሸክሙ በበረታ ቁጥርም መለመጡ ይብሳል።

ጉልበቱን ያመመው ሰው ሁሉ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለት ግን አይደለም። ክብደት መቀነስ፣ የጭንን ጡንቻ በእንቅስቃሴ ማጠንከር፣ በትር መያዝ፣ ሐኪም ያዘዘውን ማስታገሻ በልኩ መውሰድ ብዙዎችን ለብዙ ዓመታት ያሻግራቸዋል። ጉልበት መተካት የሚታሰበው ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ ከሥራና ከእንቅልፍ የሚከለክል በሆነ ጊዜ ነው።

ያለቀውን መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ የመተካት አሳብ ራሱ አዲስ አይደለም። ቴሚስቶክሌስ ግሉክ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 በርሊን ላይ ለአንዲት የ17 ዓመት ልጃገረድ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ጉልበት አስገብቶላት ነበር። የዝሆን ጥርስ በዚያ ዘመን ከደቡብ ኢትዮጵያ ከሚወጡት የታወቁ የንግድ ዕቃዎች አንዱ መሆኑን ያስታወሰ አንባቢ በነገሩ ሳይደነቅ አይቀርም። ሙከራው ግን አልሰመረም፤ መገጣጠሚያዋን ያበላሸው የቲቢ በሽታ ስለ ነበረ ቁስሉ መግል ያዘ። ዛሬ በሥራ ላይ ላለው ዓይነት መሠረት የሆነው በኒው ዮርክ ከተማ ጆን ኢንሶልና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 መትከል የጀመሩት ጉልበት ነው።

የዛሬው ሰው ሠራሽ ጉልበት የጭን አጥንቱን ጫፍ የሚያለብሰው ከኮባልትና ከክሮሚየም ቅይጥ የተሠራ የተወለወለ ቆብ፣ በቅልጥሙ አናት ላይ የሚቀመጥ የብረት ሳህን፣ በሁለቱም መካከል እንደ ትራስ የሚገባ እጅግ ጠንካራ ፖሊኢትሊን አለው። ብረቶቹ ከአጥንቱ ጋር በአመዛኙ የሚያያዙት የአጥንት ሲሚንቶ በሚባለው ማጣበቂያ ነው። በተለምዶ ጉልበት መቀየር ይባል እንጂ መላው ጉልበት ተቆርጦ አይጣልም፤ ከእያንዳንዱ አጥንት ጫፍ የሚላጠው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሚገባ የተሠራ እንደ ሆነም ብዙ ዘመን ያገለግላል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት፣ ሙሉ በሙሉ ከተተኩ 100 ጉልበቶች ውስጥ 82ቱ ያህል 25 ዓመት እንደሚቆዩ ገምቷል።

ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ዋናው ነገር ቀጥተኛነት ነው። ከዳሌ መገጣጠሚያ መካከል ተነሥቶ እስከ ቁርጭምጭሚት መካከል የሚወርድ አንድ መስመር በአሳብ ቢሰመር፣ ይህ መስመር በአዲሱ ጉልበት መካከል እንዲያልፍ ይፈለጋል። የጭነት መኪና ያለው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የኢሱዙ የፊት ጎማ ከመስመሩ ጥቂት ያዘነበለ እንደ ሆነ፣ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ ሲመላለስ ጎማው በአንድ ወገን ብቻ ይበላል፤ አዲስ ጎማ መግዛትም አላይመንቱ እስካልተስተካከለ ድረስ ጥቅም የለውም። በጉልበት ውስጥ ያለው ፖሊኢትሊንም እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ የጉልበትን ጎማ ለመለወጥ ሰውን እንደ ገና አደንዝዞ መቅደድ ማስፈለጉ ነው። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የተስማሙበት ልክ፣ ስሕተቱ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ከ3 ዲግሪ እንዳይበልጥ የሚል ነው። 3 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ርዝመት 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከላይ በ3 ዲግሪ የተሳሳተው አቆራረጥ ከታች ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ ያደርጋል።

በተለመደው ዘዴ ሐኪሙ ይህን መስመር የሚያገኘው በብረት መሣሪያና በልምድ ነው። ዳሌው በሥጋና በመሸፈኛ ጨርቅ ተሰውሮ አይታይም። ስለዚህ በጭን አጥንቱ ጫፍ ላይ ቀዳዳ ይከፈትና ረጅም ዘንግ በመቅኔው መተላለፊያ ውስጥ ይገባል፤ ዘንጉ የአጥንቱን አቅጣጫ ያሳያል። የጭን አጥንት አቅጣጫና ከዳሌ የሚወርደው መስመር አንድ ስላልሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በአብዛኛው ሰው ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ነው ተብሎ የመቁረጫው መምሪያ በዚያው ልክ ይታሰራል። ለቅልጥሙ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከውጭ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ዘንግ ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ መጋዙ በመምሪያው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቆርጣል። ግንበኛ በቱንቢና በውሃ ልክ ግድግዳውን እንደሚያቆም ሁሉ፣ ሐኪሙም በዚህ ዓይነት የአጥንቱን ልክ ይይዛል። የዘዴው ድካም አማካዩን የሰው ልክ በእያንዳንዱ ሰው ላይ መጫኑ ነው። የበሽተኛው የጭን አጥንት ከሌላው ሰው የተለየ ጉብጠት ያለው እንደ ሆነ ዘንጉ ያሳስታል።

በኮምፒዩተር የሚመራው ዘዴ ይህን ግምት በልኬታ ለመተካት የታሰበ ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ሙሉ የጉልበት መተካት በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ በጥር ወር 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) ተፈጸመ። በዚህ ዘዴ በጭንና በቅልጥም አጥንቶች ላይ ቀጫጭን ችንካሮች ይተከሉና ብርሃን የሚመልሱ ትናንሽ ኳሶች ያሉባቸው ምልክቶች ይታሰሩባቸዋል። በአልጋው አጠገብ የቆመው ካሜራ በዓይን የማይታይ ታሕተ ቀይ ብርሃን ልኮ የኳሶቹን ቦታ ያለ ማቋረጥ ይከታተላል። ሐኪሙ የበሽተኛውን ጭን ቀስ አድርጎ ሲያዞር ምልክቱ በአየር ላይ ክብ መንገድ ይሄዳል፤ ኮምፒዩተሩም ከዚህ አካሄድ ተነሥቶ የማይታየው የዳሌ መካከል የት እንዳለ በስሌት ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ የቁርጭምጭሚቱ ሁለት ወገኖችና የጉልበቱ ገጽ በመጠቆሚያ እየተነኩ ይመዘገባሉ። መስመሩ በመስታወቱ ላይ በዲግሪ ይታያል፤ የመቁረጫው መምሪያ ተስተካክሎ ከተቸነከረ በኋላ ሐኪሙ ይቆርጣል፤ የተቆረጠውንም ፊት መልሶ ለክቶ ያረጋግጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ አይቆርጥም። መጋዙን የሚይዘው፣ ጅማቱን የሚያመዛዝነው፣ ሲሚንቶውን የሚለቀልቀው፣ ቁስሉን የሚሰፋው ያው ሐኪሙ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጣው ሮቦት የሚባለው መሣሪያ እንኳ መጋዙን ከተወሰነለት ወሰን እንዳይወጣ ያግደዋል እንጂ ሐኪሙን የሚተካ አይደለም።

እንግዲህ ጥቅሙ ምን ያህል ነው? በቀጥተኛነት በኩል የኮምፒዩተሩ ብልጫ የማያጠራጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣና 29 ጥናቶችን የሰበሰበ ምርመራ፣ በተለመደው ዘዴ ከተሠሩት ጉልበቶች 31.8 ከመቶው ከ3 ዲግሪ በላይ የተሳሳቱ ሆነው ሲገኙ፣ በኮምፒዩተር መሪነት ከተሠሩት ግን 9 ከመቶው ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ሻጮች ዘወትር የሚጠቅሱት ይህን ቁጥር ነው።

በሽተኛ ግን የሚራመደው በዲግሪ አይደለም፤ ሕመሙ ጠፍቶለት እንደ ሆነና ጉልበቱ ብዙ ዘመን ቆይቶለት እንደ ሆነ ብቻ ይጠይቃል። በዚህ በኩል የተገኘው ውጤት ከተስፋው ያነሰ ነው። በደቡብ ኮሪያ ሁለቱም ጉልበታቸው በታመመ 520 ሰዎች ላይ አንዱ ጉልበት በኮምፒዩተር መሪነት፣ ሌላው በተለመደው ዘዴ ተሠራ። ይህ ዓይነቱ ንጽጽር እጅግ የሚታመን ነው፤ አንዱ ሰው ራሱ ለራሱ ሚዛን ይሆናልና። በአማካይ ከ10 ዓመት በላይ ከተከታተሏቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤት፣ በሕመም፣ በእንቅስቃሴም ሆነ በዕድሜ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም የሚል ነበር። ከዚያም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ አገር የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች 398 ጉልበቶችን መርምረው፣ በ3 ዲግሪ ወሰን ውስጥ የዋሉት ከ15 ዓመት በኋላ ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው እንዳላገኟቸው ገልጠው ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መሣሪያውን ትቶ መሄድ ይቻል ነበር። ነገር ግን በአውስትራሊያ አገር ሙሉ የሚተከለው ጉልበት የሚመዘገብበት መዝገብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚህ መዝገብ የወጣው ጽሑፍ፣ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በታች በሆነ በሽተኞች ዘንድ በ9 ዓመት ውስጥ ዳግመኛ የተሠራው ጉልበት በተለመደው ዘዴ 7.8 ከመቶ፣ በኮምፒዩተር መሪነት 6.3 ከመቶ መሆኑን ያሳያል። ይህም ማለት ብልጫው ገና ብዙ ዘመን በሚራመዱትና ብዙ በሚሠሩት ላይ ይታያል፤ መጠኑ ግን ከ100 ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው።

ቀጥተኛው መስመር ራሱ ለሁሉ ሰው ትክክል ነውን የሚል ክርክርም ተነሥቷል። በቤልጅግ አገር በጤናማ ወጣቶች ላይ የተደረገ ምርመራ ከወንዶቹ 32 ከመቶ፣ ከሴቶቹ 17 ከመቶ የሚሆኑት በተፈጥሯቸው 3 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ የተለመጠ እግር እንዳላቸው አሳይቷል። ታዲያ ዕድሜውን ሙሉ በተለመጠ እግር የኖረን ሰው በስልሳ ዓመቱ እንደ ወታደር ቀጥ ማድረግ ይገባልን? ሐኪሞች በዚህ አልተስማሙም። አንድ መሣሪያ የተሰጠውን ዒላማ በትክክል መምታቱ፣ ዒላማው ራሱ በትክክል ተመርጧል ማለት አለመሆኑን ግን ይህ ክርክር ያሳያል።

ለጋሞና ለመላው ኢትዮጵያ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ነገር በውጭ አገር የዕቃ ዝርዝሮች ላይ ብዙም አይወሳም። በመኪና አደጋ ወይም ከዛፍና ከገደል በመውደቅ ጭኑን የተሰበረ ሰው በገጠር ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ጥሩ ወጌሻ ብዙ ወለምታ ያቀናል፤ የጭን ስብራት ግን በቀርከሃና በጨርቅ ብቻ የሚያዝ ስላልሆነ አጥንቱ ጠሞ ወይም አጥሮ የሚገጥምበት ጊዜ አለ። ያ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ጉልበቱ ሲያልቅ፣ ረጅሙ ዘንግ በጠመመው መቅኔ ውስጥ ሊያልፍ አይችልም። ሐኪም ቤት የደረሰውም ቢሆን ተመሳሳይ ችግር ያገኘው ይሆናል። በአሜሪካ አገር በሪችላንድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው ሳይን የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚሰጠው የመቅኔ ብረት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና ለጋሞ ቅርብ በሆነው በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል በሥራ ላይ ውሏል፤ ይህ ብረት ያለበት ጭን መተላለፊያው የተዘጋ ነው። እንደዚህ ባሉት በሽተኞች ላይ፣ ዘንግ ሳያስገባ ከውጭ የሚለካው ኮምፒዩተር ቅንጦት መሆኑ ይቀርና ጠቃሚ የሥራ መሣሪያ ይሆናል።

ይኸው የሳይን ብረት በሌላ በኩልም ትምህርት ይሰጣል። በሌላው ዓለም የመቅኔ ብረት ማሰሪያ ብሎኖች የሚገቡት ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት በሚነሣ ራጅ እየተመሩ ነው። ሳይን ግን ራጅ በሌለበት ክፍል ቀዳዳውን ከውጭ በኩል የሚያነጣጥር የብረት ክንድ ሠርቶ ያንኑ ሥራ ያለ ኤሌክትሪክ እንዲከናወን አደረገ። ጥራት ምንጊዜም ከውድ መሣሪያ ብቻ የሚገኝ አለመሆኑን ነጋዴው ከዚህ ይረዳል።

አሁን ወደ አስመጪው ጉዳይ እንመለስ ቢባል፣ ዋናው ወጪ ካሜራና ኮምፒዩተር ይመስላል፤ ነገር ግን ካፒታል የሚያስረው ሌላ ነው። ጫማ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ከ36 እስከ 45 ቁጥር ሳይዝ ገበያ እንደማይወጣ ያውቃል። ሰው ሠራሽ ጉልበትም እንደዚሁ በልክ ይመጣል፤ የጭኑ ቆብ ለቀኝና ለግራ ለየብቻ በብዙ ቁጥር፣ የቅልጥሙ ሳህን በብዙ ቁጥር፣ መካከለኛው ፖሊኢትሊንም በልዩ ልዩ ውፍረት ይዘጋጃል። ሐኪሙ የሚጠቀመው አንድ ብቻ ቢሆንም፣ የትኛው እንደሚስማማ በእርግጥ የሚያውቀው ከቆረጠ በኋላ ስለ ሆነ ሁሉም በክፍሉ ውስጥ መገኘት አለበት። በዚህ ላይ የመምሪያና የመለኪያ መሣሪያ የሞላባቸው በርካታ ሣጥኖች አሉ፤ ለእያንዳንዱ በሽተኛ በእንፋሎት መቀቀል ይኖርባቸዋል። የታሸገው ዕቃ የመጠቀሚያ ጊዜም አለው፤ ሳይሸጥ ያለፈበት ቁጥር ኪሳራ ነው።

ኮምፒዩተሩ ሲጨመር ይህ ሸክም አይቀንስም። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከአንድ ፋብሪካ ጉልበት ጋር ብቻ እንዲሠሩ የተዘጋጁ ስለ ሆኑ፣ መሣሪያውን የገዛ ሐኪም ቤት ለጉልበቱም ለዚያው ፋብሪካ ደንበኛ ሆኖ ይቀራል። ብርሃን የሚመልሱት ኳሶችም በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው የሚጣሉ ናቸው። መብራት ቢጠፋ ወይም ኮምፒዩተሩ ሥራ ቢያቆም ሐኪሙ የተከፈተውን ጉልበት ትቶ ሊሄድ ስለማይችል፣ የተለመደው መሣሪያ ሣጥን ተቀቅሎ አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ስለዚህም አስመጪው አንዱን በሌላው የሚተካ ሳይሆን ሁለቱንም የሚያቀርብ ይሆናል። መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ከናይሮቢ ወይም ከዱባይ የሚጠራ ከሆነ፣ የመጠበቂያው ጊዜ በዋጋው ውስጥ መታሰብ ይገባዋል።

የውጭ ምንዛሪው ነገርም ቀላል አይደለም። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር ተገዝቶ በብር የሚሸጥ፣ ያውም በመደርደሪያ ላይ ወራት የሚቆይ ዕቃ ለእንዲህ ያለው ለውጥ የተጋለጠ ነው። ከዚህም በቀር በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለ ሆነ፣ አስመጪው የብቃት ማረጋገጫና የዕቃውን ምዝገባ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይኖርበታል። በሰውነት ውስጥ የሚቀር ዕቃ ከፋሻና ከመርፌ የጠበቀ ምርመራ የሚደረግበት መሆኑን መዘንጋት አያሻም።

ሒሳቡን አጥብቆ የሚወድ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የታተመን አንድ ስሌት ቢመለከት ይጠቀማል። የስሌቱ ጥያቄ፣ ኮምፒዩተሩ ወጪውን እንዲመልስ ዳግመኛ የሚሠራውን ጉልበት በየዓመቱ በምን ያህል መቀነስ አለበት? የሚል ነው። በዓመት 250 ጉልበት ለሚሠራ ሐኪም ቤት 2 ከመቶ ቅናሽ ሲበቃው፣ 150 ለሚሠራው 2.5 ከመቶ፣ 25 ብቻ ለሚሠራው ግን 13 ከመቶ ያስፈልገዋል። ከፍተኛ ዋጋ ያለው መሣሪያ የሚከፈለው በብዛት ነውና። እንደ አርባ ምንጭ ባለ ከተማ፣ በሽተኛው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጉልበት መተካት በሚሰማበት ቦታ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከ25 የሚበልጥ ቁጥር መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ለክፍለ ሀገር ሐኪም ቤት አስቀድሞ የሚያስፈልገው የሠለጠነ የአጥንት ሐኪም፣ አስተማማኝ መቀቀያ፣ የማያቋርጥ መብራትና ውሃ፣ ከዚያም የተለመደው የጉልበት መሣሪያ ሙሉ ሣጥን ነው። በአዲስ አበባ ብዙ በሽተኛ የሚሰበስብ ሐኪም ቤት ግን ሌላ ሒሳብ ሊያስብ ይችላል። በመካከል ያለ መንገድም አልጠፋም፤ በመቁረጫው መምሪያ ላይ የሚታሰሩና ያለ ትልቅ ካሜራ ማዘንበሉን የሚለኩ፣ በእጅ የሚያዙ ትናንሽ መሣሪያዎች በዓለም ገበያ ላይ ይገኛሉ።

ወደ በሽተኛው ስንመጣ፣ ለኮምፒዩተር ተጨማሪ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ሌላ ነው። ሐኪሙ በዓመት ስንት ጉልበት ይሠራል? በቂ ልምድ ያለው ሐኪም በተለመደው መሣሪያ የሚሠራው ጉልበት፣ ሥራውን አልፎ አልፎ የሚሞክር ሰው በኮምፒዩተር ከሚሠራው እንደሚሻል ለመናገር ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። በሐኪም ቤቱ ቁስል ምን ያህል ጊዜ ያመረቅዛል? በመልካም ሐኪም ቤቶች ከ100 ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ የጠለቀ መመረዝ ይደርስባቸዋል፤ መግል የያዘ ሰው ሠራሽ ጉልበት ከጠመመው እጅግ የከፋ ነው። የድሮ ስብራት ወይም በጭኑ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ይህን በመጀመሪያው ቀን ለሐኪሙ መንገርና የቀድሞውን ራጅ ይዞ መሄድ አለበት፤ ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው በሽተኛ ካለ ምናልባት እሱ ነው።

የተስፋውንም ልክ ማወቅ ይበጃል። በየትኛውም ዘዴ ቢሠራ ከአምስቱ አንዱ ያህል በሽተኛ በውጤቱ ሙሉ በሙሉ ደስ ሳይለው ይቀራል። አዲሱ ጉልበት ብዙውን ጊዜ የሚታጠፈው እስከ 110 ወይም 120 ዲግሪ ስለ ሆነ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ደረጃ መውጣት፣ ገበያ ደርሶ መምጣት ይቻላል፤ ቁጢጥ ማለት ግን ያስቸግራል። በአውሮፓ ላለ ሰው ይህ ብዙም አያሳስብም። በጋሞ ግን የመጸዳጃ ቤቱ ዓይነት፣ የቡናው በርጩማ ዝቅተኛነት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ስግደት፣ የመስጊዱ ሶላት፣ የሸማኔው ጉድጓድ ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ቤተ ሰቡ በሽተኛው ከመመለሱ በፊት ከፍ ያለ የመጸዳጃ መቀመጫ አናጢ ዘንድ ቢያሠራ፣ ለኮምፒዩተሩ ከሚከፈለው ገንዘብ በጥቂቱ ብዙ ችግር ያስወግዳል። ከሥራው በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚደረገው የማጠፍና የመዘርጋት ልምምድም ቸል ሊባል አይገባም፤ አዲስ አበባ ተሠርቶ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመለስ ሰው ልምምዱን በአርባ ምንጭ ከማን ጋር እንደሚቀጥል ከመነሣቱ በፊት መነጋገር አለበት።

በእያንዳንዱ የታሸገ የጉልበት ክፍል ላይ የፋብሪካውን ስም፣ የዕቃውን ቁጥርና ልኩን የሚያሳይ ተለጣፊ ወረቀት አለ። ሐኪም ቤቱ አንዱን በራሱ መዝገብ ላይ ለጥፎ ሌላውን ለበሽተኛው ይሰጣል፤ ካልሰጠም መጠየቅ ተገቢ ነው። ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ፖሊኢትሊኑ ብቻ መለወጥ ያስፈለገ እንደ ሆነ፣ አስመጪው ትክክለኛውን ክፍል ከፋብሪካው ማዘዝ የሚችለው በዚህ ወረቀት ነውና፣ ከንግድ ፈቃዱና ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፖስታ ይቀመጣል።